የኡ ባ ሼይን የመጨረሻ ሐሳብ

«እና እንዴት ሆነው ሄዱ?» አለች ሴትዮዋ፣ የሻይ ስኒዋን ገና ከአፏ ሳታወርድ።

ዪ ሞን የኦቾሎኒውን ሳህን ወደ እንግዳዋ ጠጋ አደረገችው። አባቷ ከተቀበሩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልጠየቃት ሰው የለም። መልሱን ምላሷ ለምዶታል።

«በሰላም» አለች። «በጣም በሰላም።»

«ትንፋሻቸውን ልብ እያሉ?»

«አዎ።»

«ይኸው! አላልኩሽም?» ሴትዮዋ አጠገቧ የተቀመጠችውን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «እሳቸውማ! እኔን ከወገቤ ጋር ያስታረቁኝ እሳቸው አይደሉም? እንደሳቸው ያለ ሰው መጨረሻው ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል!»

ሴትዮዋ ረክታ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ዘገነች። ዪ ሞን ደረቷ መሐል የሆነ ነገር ጭብጥ ሲል ተሰማት። ሳህኑ ሳይጎድል ሳህኑን ልትሞላ ተነሣች።

በፓኮኩ ከተማ ለቅሶ ቤት እንዲህ ተብሎ የሚጠየቀው ለወሬ አይደለም። ሰው ነፍሱ ስትወጣ ልቡ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ሐሳብ ቀጣዩን ልደቱን ትመራዋለች፤ ረግቶ የሄደ ወደ መልካም ስፍራ፣ ተቆጥቶ የሄደ ወደ ክፉ። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። በዚያ ላይ ሟቹ ኡ ባ ሼይን ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ወገቡን ያመመውን፣ ፈተና የፈራውን፣ ባሏ የፈታትን፣ ሁሉንም ሐሳቡንና ሕመሙን ልብ እንዲል ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። የሳቸውን አሟሟት መስማት ለሰፈሩ ጥሩ ሸማኔ ለራሱ የሸመነውን ብርድ ልብስ እንደማየት ነው።

ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው የቀርከሃ ዳስ ሥር ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ የሐዘን ቤት ጭር እንዳይል። የታላቅ ወንድሟ የኮ ቴይን ድምፅ እስከ ጓዳ ይሰማል።

«በረዶ ገዝቼ ስመለስ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበረ። ወንዙን ተሻግሮ ቤቱን ያየ ሰው ነበር የሚመስሉት።»

«ትናንት ፊታቸው ተፈትቶ ነበር ነው ያልከን» አሉ የአባቷ የዕድሜ ልክ ባልንጀራ ኡ ፖ ላይን። «ዛሬ ፈገግ አሉ። ነገ ደግሞ ብርሃን ይወጣቸው ነበር ልትለን ነው። ካርታህን ጣል።»

ዳሱ በሳቅ ሞላ። ኮ ቴይንም ሳቀ፤ ታሪኩን ግን አልመለሰውም።

ዪ ሞን ጓዳ ቆማ የሞላውን ሳህን ይዛ ቀረች። በረዶውን ሊገዛ በሄደበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ለወንድሟ ያለችው አንድ ቃል ነው፤ «አለፉ፣ በሰላም»። የቀረውን ሁሉ እሱ ነው የሸመነው።

*

ኡ ባ ሼይን ድሮ እንዲህ አልነበሩም። የብርድ ልብስ መሸመኛ ቤት አለቃ ነበሩ፣ በቁጣቸውም ይታወቃሉ። ድር የበጠሰ ሸማኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፤ መወርወሪያው በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅምና። ቤትም ያው ናቸው። ዪ ሞን ትንሽ ልጅ እያለች አንድ ጠዋት ሩዙ ጥሬ ነው ብለው ድስቱን ከነሩዙ በመስኮት ወረወሩት። ድስቱ እየተንከባለለ ሄዶ፣ ምጽዋት ሊቀበሉ በሰልፍ በሚያልፉት መነኮሳት እግር ሥር ቆመ። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ መነኩሴ ድስቱን አዩ፣ መስኮቱን አዩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ለምጽዋቱ ትንሽ ቀረብ ብትል ደግ ነበር።»

ኡ ባ ሼይን ከኀፍረት የተነሣ ለሰው ፊታቸውን ማሳየት አልቻሉም። በዚያው ሳምንት ልብስ ጠቅልለው ወደ ማሰላሰያው ማዕከል ሄዱ፤ ወር ተቀመጡ።

ሲመለሱ እናቷ የተለወጠ ሰው ጠብቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሾርባው ጨው በዛበት። አባቷ ጎድጓዳ ሳህኑን ይዘው ተነሡ። ዓይናቸውን ከደኑ። «መቆጣት፣ መቆጣት» አሉ ጮክ ብለው፤ በማዕከሉ የተማሩት የሚሰማቸውን ነገር በስሙ እየጠሩ ልብ ማለት ነበር። ከዚያ ወረወሩት።

«ድሮ ዝም ብለው ነበር የሚወረውሩት» አለች እናቷ ስብርባሪውን እየለቀመች። «አሁን በማስታወቂያ ሆነ።»

ሳህን መወርወሩ ስንት ዓመት እንደቆየ ዪ ሞን አታስታውስም። የምታስታውሰው አንድ ቀን «መቆጣት፣ መቆጣት» ብለው ሳህኑን እንደያዙ መቆማቸውን ነው፤ ረጅም ጊዜ ቆሙ። ቀስ ብለው አስቀመጡትና «አለ ገና» አሉ። ቁጣቸውን ማለታቸው ነበር። ተቀምጠው ጨው የበዛበትን ሾርባ ጠጡት።

ቁጣዬ ጠፋ ብለው ግን አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም።

*

የማዕከሉ መነኩሲት እማሆይ ኬማ ሩዝ ሊቀበሉ ሲመጡ ማልዳ ነበር፤ እንግዳ ገና አልገባም። ሮዝ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የጓዳው ደፍ ላይ ተቀመጡ። ከአባቷ ጋር ስንት ዓመት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠዋል።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?» አሏት።

ዪ ሞን ሩዙን እየሰፈረች ቀና አለች። «ሁሉም የሚጠይቁኝን እርስዎ ለምን አይጠይቁኝም?»

«መልሱን ከወንድምሽ ሰማሁት። በየቀኑ እያማረበት ነው።»

ዪ ሞን ልትስቅ ነበር። ጭልፋውን አስቀመጠችና ነገረቻቸው።

ሙቀቱ የበረታበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሐኪሙ ጉበታቸው አልቋል ብሎ ወደ ቤት ከሸኛቸው ሰንብቷል። ወንድሟ ለከንፈራቸው ማርጠቢያ በረዶ ሊገዛ ወጣ። ወዲያው ትንፋሻቸው ተለወጠ። ሊሞት የተቃረበን ሰው ልቡ እንዳይባዝን ማስታወስ የቤተሰብ ግዴታ ነው፤ ዪ ሞን ተንበርክካ አፏን ጆሯቸው ላይ አደረገች። «አባባ፣ ልብ ይበሉ። ሕመም፣ ሕመም ይበሉ። ትንፋሽ፣ ትንፋሽ። አባባ፣ ልብ ይበሉ።» መናገሯን አላቆመችም። እየፈራች ስትሄድ እየፈጠነች፣ እየፈጠነች ስትሄድ እየጮኸች። አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊት ለፊት አዩዋት።

«ዝም በይ!»

የመሸመኛ ቤቱ ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ ከወጣቸው ስንት ዓመቱ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

«እኔ ነኝ ያስቆጣኋቸው» አለች ዪ ሞን። «ሃያ ዓመት የገነቡትን በመጨረሻዋ ሰዓት እኔ አፈረስኩት።»

እማሆይ ኬማ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያማ ተነፈሱ። ትንሽ ቆይተው አቆሙ።»

«በዚያች ትንሽ መሐል ልባቸው ምን ላይ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ረግተው ነበር ብዬ ባጽናናሽ ደስ ባለኝ። ግን ያን ያልኩ እንደሆነ እኔም ወንድምሽን ሆንኩ።»

«ታዲያ ምን ልሁን እማሆይ?»

«ሐሳቡ ሲመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አባርረዋለሁ። እነሣለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ያጠብኩትን ደግሜ አጥባለሁ።»

«ይሄዳል?»

«ከበሩ አይርቅም።»

«አባትሽ ምን ይሉሽ ነበር እንዲህ ሲሆን?»

«እሱን አይንገሩኝ!» ዪ ሞን ድምፅዋ እንደጎላ የታወቃት ከተናገረች በኋላ ነው። «የሳቸውን ቃል ነው እኮ መልሼ ጆሯቸው ላይ የጮህኩባቸው።»

መነኩሲቷ አልተቀየሙም። የሩዙን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «እንግዲያው በራሴ ቃል ልበልሽ። ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል። ዝም በይ ማለታቸውን ሰምተሻል። ክፉ ስፍራ ሄዱ የሚለውን ግን ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«እሱ ሐሳብ ነው። ሲመጣ ሐሳብ ነው በይው። ደረትሽን ሲጨብጥሽ መጨበጥ ነው በይ። እንዲሄድልሽ ብለሽ ግን እንዳይሆን፤ ላይሄድ ይችላል።»

«ካልሄደስ?»

«ካልሄደማ አለ ማለት ነው።» ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ዘይትም ጨምሪልኝ፤ ያለፈው አልቋል።»

*

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስኒ ስታጥብ ሐሳቡ መጣ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይጀምራል፤ አባቷ ዓይናቸውን ሲገልጡ። እጇ ሌላ ስኒ ሊያነሣ ፈጠነ። ፍጥነቱን አየችው። እጇን ውሃው ውስጥ ተወችው።

ማሰብ፣ አለች በልቧ። ማሰብ።

አልሄደም። ደረቷ ተጨበጠ። መጨበጥ፣ አለች። ጥርሷን ነክሳ እንደነበረ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሎ እንደነበረ ያኔ ነው ያወቀችው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አታውቅም። ትከሻዋን አወረደችው። ጭብጡ ባሰ። ልትነሣ ነበር። አልተነሣችም። እንዳለ ይኑር አለች፤ ስለደከማት እንጂ ብርታት ኖሯት አይደለም።

የመጨረሻ ዓመት ፈተና ልትቀመጥ ስትል በረንዳው ላይ አባቷ ያሏት ትዝ አላት። ፍርሃቴን አባርሩልኝ ብላቸው ነበር። «እኔ ዘበኛ ነኝ?» አሏት። «ድር ስወጥር አይተሽኝ የለም? የተቋጠረውን ክር ብትጎትቺው ይጠብቃል። ላላ አድርገሽ እዪው። ከየት እንደታሰረ ሲታይሽ ያኔ እጅሽ ያውቃል።» እሷ ግን ምንም አልታያትም ነበር ያኔ። ፈርታ ገብታ፣ ፈርታ ወጥታ፣ አለፈች።

አሁን ስኒው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሐሳቡን ላላ አድርጋ አየችው። ክፉ ስፍራ ሄዱ የሚለው ሐሳብ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ ከሱ ይልቅ ትንሽ የሆነ፣ የልጅ ነገር። ዝም በይ አሉኝ። እንዴት እወድሻለሁ ሳይሉ፣ እንዴት ደህና ሁኚ ሳይሉ፣ ዝም በይ ብለውኝ ይሄዳሉ? ለእሳቸው መፍራቱ ይሻላት ኖሯል። መቀየሙን ነበር ወደ ልቧ የማታስገባው፤ ሞተው ሳሉ የምን መቀየም ብላ።

መቀየም፣ አለች። ከዚያ ስም ያላወጣችለት ነገር መጣ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ስኒውን አለቀለቀችና ደፋችው።

ጭብጡ አልሄደም። ትንፋሽ ግን በአጠገቡ ያልፍ ነበር።

*

ኮ ቴይን ከማዕከሉ ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር። «ተስማሙልኝ» አላት። «በሰባተኛው ቀን አባ ሲያስተምሩ የአባባን አሟሟት ምሳሌ አድርገው ያነሡታል።»

«ጋሼ፣ ተወው።»

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ታሪኩን። እኔ እንደዚያ አላልኩህም።»

ወንድሟ ዳሱ ውስጥ ማንም እንደሌለ ዞር ብሎ አየ። «በሰላም አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ቀደማት።

«ስሚ ዪ ሞን። አንቺ ነበርሽ እዚያ። እኔ የበረዶ ሱቅ ቆሜ፣ ሰውዬው መልስ የለኝም ብሎኝ ስከራከር ነው አባቴ የሞተው። በመልስ! እኔ ያለኝ ይኸ ወሬ ብቻ ነው። እሱንም አትቀሚኝ።»

ጎረምሳ እያለ አባታቸው የወረወሩት መወርወሪያ ግንባሩን የፈነከተው እሱ ነበር። ጠባሳው ዛሬም ከቅንድቡ በላይ ይታያል። ስለዚያ ቀን ለማንም ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። ወደ ጓዳ ተመለሰች።

*

በሰባተኛው ቀን መነኮሳቱ መጥተው፣ ተመግበው፣ ከፍ ያለው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ሞልቶ በረንዳው ሞላ። እንደ ደንቡ በቅድሚያ ሁሉም እጁን አጣምሮ አምስቱን ትእዛዛት ከመነኩሴው አፍ እየተቀበለ በዜማ አለ፤ ነፍስ ከማጥፋት እቆጠባለሁ፣ ያልተሰጠኝን ከመውሰድ እቆጠባለሁ። «ውሸት ከመናገር እቆጠባለሁ» ሲባል ዪ ሞንም ከሌሎቹ ጋር አለች።

የመሩት መነኩሴ ወጣት ናቸው፣ ረጋ ያሉ። ማራገቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ ኡ ባ ሼይን ጥቂት ተናገሩ። ከዚያ ኮ ቴይን የነገራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ቆም አሉ።

«እኔ በቦታው አልነበርኩም» አሉ። «እህታችን ነበረች። ከሷ አፍ ብንሰማው አይሻልም?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ወገቧን ያመማት ሴትዮ ከፊት ተቀምጣ በፈገግታ ራሷን ትነቀንቃለች። ኮ ቴይን ምንጣፉን ያያል።

ደረቷ ተጨበጠ። ይኸው መጣ፣ አለች በልቧ። አልተጣላችውም። የሚያምረውን መልስ ምላሷ ላይ አገኘችው፣ እንደ ሁልጊዜው ተዘጋጅቶ። ትእዛዙን ከተቀበለችበት ገና እጇን እንኳ አልፈታችም።

«አሟቸው ነበር» አለች። «እኔ ልብ ይበሉ፣ ልብ ይበሉ እያልኩ ጆሯቸው ላይ ጮህኩባቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ዝም በይ አሉኝ። ተቆጥተው። ከዚያ ትንሽ ተነፈሱና አቆሙ። ልባቸው ምን ላይ እንደነበረ አላውቅም።»

የሴትዮዋ ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ።

«በሰላም ብለሽኝ አልነበር?» አለች።

«ዋሽቼሽ ነው፣ እትዬ።»

ከበረንዳው በኩል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ለቅሶ መስሎት ዞረ። ኡ ፖ ላይን ናቸው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ትከሻቸው ይናጣል፣ ዓይናቸው ያነባል።

«ዝም በይ አሉ?» አሉ በመጨረሻ። «ይቅር በሉኝ አባ። እሳቸው ናቸው! ይኸው እሳቸው! እኔ እኮ ይኸ ሁሉ ፈገግታ ሲወራ፣ የማንን ሰው ነው የቀበርነው እያልኩ ነበር። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝቼ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ አይዞህ አይዞህ ስትለኝ ደከመኝ ብላቸው፣ ልክ ነህ ብለው አንድ ቃል ሳይናገሩ ከሰዓቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀመጡ። ሰው ሲያመው ጫጫታ አይወድም፤ ሌላ ምን አለው!»

አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ አንገቱን አቀረቀረ። ወገቧን ያመማት ሴትዮ አልሳቀችም፤ ግን ከቦታዋም አልተነሣች።

መነኩሴው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። «ሰማን» አሉ። «የቀረውን አናውቅም። የማናውቀውን አንጨምርበትም። በእጃችን ያለው በጎ ሥራ ይኸ ነው፤ እሱን እናካፍላቸው። ውሃው ይምጣ።»

ምግቡን በሰጡበት፣ ትእዛዙን በተቀበሉበት ምግባር ሟቹ ድርሻቸውን እንዲወስዱ፣ ምድርም ምስክር እንድትሆን፣ የበኩር ልጅ ውሃ በጠብታ ያንቆረቁራል። የብሩን ማንቆርቆሪያ ለኮ ቴይን ሰጡት። ጎድጓዳውን ሳህን ፊቱ አስቀመጡለት። ዪ ሞን አጠገቡ ተንበረከከች። አላያትም። ከቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ ቀልቷል።

መነኮሳቱ በአንድ ድምፅ ጀመሩ። ኮ ቴይን ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አደረገው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሳህኑ ውስጥ ወደቁ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ከሳህኑ አፍ ወጣ እያለ ሄደ፤ ጎልማሳው ሰውዬ ቀብር ላይ ያልወጣው ድምፅ አሁን ወጣው።

«አታልቅስ!» አሉ አክስቶቹ ከኋላ በሹክሹክታ። «መንገዳቸውን ትይዝባቸዋለህ። ጠንከር በል። እጅህን አስተካክል፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው።»

ውሃው ከሳህኑ አልፎ ምንጣፉ ላይ ይወርድ ነበር። ቀስ በል ጋሼ፣ ልትለው ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ሲመጣ አየችው። ተወችው።

ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውሃው ወደሚወድቅበት አንሸራተተችው።